የጾሙን ሰዓት ክኒኑ ሲወስነው፦ ለፕሮስቴት ካንሰር ታካሚ የተሰጠ የአመጋገብ ምክር አገልግሎት ግምገማ

ይህን ግምገማ የምጽፈው በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚገኝ አንድ የካንሰር ሕክምና ማዕከል ለታካሚዎቹ የሚሰጠውን የአመጋገብ ምክር በአራት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተጠቀምሁበት በኋላ ነው። ከምስጋናዬ ጋር የማነሣው ቅሬታም ስላለ የማዕከሉን ስም አልጠቅስም። 67 ዓመቴ ነው። የፕሮስቴት ካንሰሬ ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ስለተገኘ በየሦስት ወሩ የሉፕሮላይድ መርፌ እወጋለሁ፤ በየቀኑም እያንዳንዳቸው 250 ሚሊግራም የሆኑ አራት የአቢራቴሮን ክኒኖችና ከእነሱ ጋር የሚታዘዘውን ፕሬድኒዞን የተባለ ስቴሮይድ 5 ሚሊግራም እወስዳለሁ።

ወደ አገልግሎቱ የወሰደኝ ውፍረት ነበር። ሕክምናው ቴስቶስቴሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን እጅግ ዝቅ ስለሚያደርገው ጡንቻ ይመነምናል፣ በሆድ አካባቢ ስብ ይጠራቀማል፣ አጥንት ይሳሳል፣ የደም ስኳርም ከፍ ሊል ይችላል። እኔም በስምንት ወር ውስጥ ስድስት ኪሎ ጨመርሁ፤ ሆዴ እየገፋ ክንዴና ጭኔ ግን እየከሱ ሄዱ። ልጄ ይህን አይቶ የጾም ሰዓት የሚቆጥር መተግበሪያ በስልኬ ላይ ጫነልኝና በቀን 16 ሰዓት ከምግብ እየተከለከልሁ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ መብላት ጀመርሁ። ረሃብ ካንሰርን ይገድላል የሚሉ ቪዲዮዎችም ይልክልኝ ነበር። አብዛኞቹ የሚጠቅሱት ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል ሽልማት ያገኙበትን፣ ሴል በረሃብ ጊዜ የራሱን አሮጌ ክፍሎች እየሰባበረ መልሶ የሚጠቀምበትን ሂደት ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ይህን ስነግራት ሳታቃልለኝ አዳመጠችና፣ ሳይንቲስቱ ሂደቱን ያጠኑት በእርሾ ላይ መሆኑን፣ ሽልማቱም ጾም የፕሮስቴት ካንሰርን ያድናል ማለት እንዳልሆነ፣ በሰዓት ተገድቦ መብላት ግን ክብደት ለመቆጣጠር ሊረዳኝ እንደሚችል አስረዳችኝ። ልጄን የማያሳፍር፣ እኔንም የማያታልል መልስ ስለነበር ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አመንኋት።

እዚያ ነጥብ ላይ ለመድረስ ግን ብዙ ደከምን። አስተርጓሚው የቀረበልን በስልክ ነበር። ባለሙያዋ በሰዓት ተገድቦ መብላትን ለማለት «ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ» ስትል «ጾም» ብሎ ተረጎመውና እኔ ስለ ሁዳዴ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ እንደማልቀምስ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ውሃ እንኳ ሳልጠጣ እንደምቆይ አስረዳኋት። እሷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የምኖር መስሏት በመዝገቧ ላይ ጻፈች። ከተመደበልን 45 ደቂቃ ሃያ ያህሉ በዚህ አለቀ። አስተርጓሚው «ጋሼ» እያለ በአክብሮት የሚያናግረኝ ትሑት ልጅ ነበር፤ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን፣ ስለ ምግብ በሚደረግ ምክክር ላይ የምግቡንና የሃይማኖቱን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ያላዘጋጀው ማዕከል ነው።

አገልግሎቱን ለሌሎች እንድመሰክርለት ያደረገኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። የቀጠሮው ደብዳቤ መድኃኒቶቼን ሁሉ ይዤ እንድመጣ ይል ስለነበር በፌስታል ጠቅልዬ ይዣቸው ነበር። ባለሙያዋ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በጠረጴዛው ላይ ደረደረችና እያንዳንዱን በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደምውጠው ጠየቀችኝ። ጨጓራዬን እንዳይነካኝ ብዬ ሁሉንም ጾሙን በምፈታበት በ6 ሰዓት ከምሳዬ ጋር እንደምወስድ ነገርኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ምሳዬ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በቅቤ የተሠራ ምንቸት ወይም ጥብስ ነው አልኋት። ወዲያው ለማዕከሉ ፋርማሲስት ደወለች።

አቢራቴሮን በባዶ ሆድ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ክኒኑ ከመዋጡ በፊት ቢያንስ ለሁለት ሰዓት፣ ከተዋጠም በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ምግብ መብላት አይፈቀድም። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው የመድኃኒት መጠን እስከ አሥር እጥፍ ሊያድግ ይችላል፤ መድኃኒቱም በባሕርይው የደም ግፊትን ከፍ፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ዝቅ የሚያደርግ ነው። ፕሬድኒዞን በተቃራኒው ጨጓራን እንዳይጎዳ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። በዚያው ዕለት ደሜ ተመርምሮ ፖታሲየሜ ዝቅ ብሎ፣ ግፊቴም ከወትሮው ከፍ ብሎ ተገኘ። መድኃኒቱን ስጀምር ይህ ተነግሮኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን ከሚነገረኝ አብዛኛው በጆሮዬ አይገባም ነበር። መተግበሪያው በበኩሉ ለወራት ሰዓቴን ሲቆጥርልኝ ምን መድኃኒት እንደምወስድ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።

አሁን የምከተለው ሥርዓት ክኒኑን መነሻ ያደረገ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከጸሎት በኋላ አቢራቴሮኑን በውሃ ብቻ እውጣለሁ፤ 2 ሰዓት ላይ ቁርሴን እበላለሁ፣ ፕሬድኒዞኑንም ያን ጊዜ እወስዳለሁ፤ የመጨረሻውን ምግብ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት እጨርሳለሁ። ከምግብ የምርቀው 14 ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ ውሃ ግን በማንኛውም ሰዓት እጠጣለሁ። ከቀድሞው 16 ሰዓት ሁለቱ የተቀነሰው ስለ ጡንቻዬ ነው። ለካንሰር ታካሚ በየኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራልና፣ 78 ኪሎ ለምመዝነው ለእኔ 95 ግራም ያህል ተወሰነልኝ። ይህን በሁለት ማዕድ ለመብላት ሞክሬ አልቻልሁም፤ በሦስት ማዕድ ግን ይቻላል። የስኳር በሽታ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ታካሚ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ስለሚችል ይህን የእኔን ሰዓት እንዳለ እንዳይወስድ አደራ እላለሁ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ያየሁት ትጋት ልቤን ነካው። የተሰጠኝ የምግብ ዝርዝር ስለ አጃ፣ ስለ እርጎና ስለ ሳንድዊች እንጂ ስለ እኛ ምግብ አንድ ቃል ስላልነበረበት፣ ባለቤቴ አንድ እንጀራና በዕቃ ሽሮ ቋጥራልኝ ሄድሁ። ባለሙያዋ እንጀራውን በሚዛን ላይ ዘርግታ 310 ግራም መሆኑን መዘገበች። በምሳ ሁለት እበላ ነበር። ሽሮውን ቀምሳ፣ በውሃ ከቀጠነ ይልቅ ወፈር ብሎ እንዲሠራልኝ፣ እንጀራው ወደ ግማሽ እንዲወርድ፣ ጎኑ ላይ ምስርና ጎመን እንዲጨመር፣ በፍስክ ቀንም እንቁላል፣ ዓሣና አይብ እንዲገባ አብረን ጻፍን። ጎመኑ ለሳሳው አጥንቴ ካልሲየም ይሰጣል። ረቡዕንና ዓርብን ከሥጋና ከወተት መከልከሌን እንድተው አልጠየቀችኝም፤ የንስሐ አባቴም ሕመምተኛ ስለሆንሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ትተውልኛል።

ከቤቴ መደርደሪያ የወጣ ነገርም አለ። ለፕሮስቴት ይጠቅማል ተብዬ የምወስደው የቫይታሚን ኢ ክኒን ነበር፤ ወደ 35,000 ገደማ ወንዶች የተሳተፉበት፣ በ2011 ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት ግን በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ጤነኛ ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ17 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ይህን መሰል የአመጋገብ ሕክምና የሚሸፍነው በዋናነት ለስኳርና ለኩላሊት በሽታ ስለሆነ ቀጠሮ ከመያዝ በፊት መጠየቅ ይገባል፤ በእኔ ማዕከል ለካንሰር ታካሚዎች ያለ ክፍያ ነው። በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ስድስት ሳምንት መጠበቁ ግን ይረዝማል።

በአራት ወር ሦስት ኪሎ ቀንሻለሁ። እጄን ሳልደግፍ ከወንበር ስድስት ጊዜ ብቻ እነሣ የነበርሁት ዛሬ አሥራ ሁለት ጊዜ እነሣለሁ። የካንሰሩን ሁኔታ ለመከታተል በደም ምርመራ የሚለካው የፒኤስኤ ቁጥሬም ወርዷል፤ እሱን ግን ለመድኃኒቱ እንጂ ለምግቡ አልሰጥም። ለባለሙያዋ ከአምስት ኮከብ አምስት፣ ለአገልግሎቱ በጠቅላላው አራት እሰጣለሁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባልና የ43 ቀኑን ማዕድ አስቀድመን እንድንጽፍ ለጥቅምት መጨረሻ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ አስተርጓሚው በአካል እንዲገኝልኝም በጽሑፍ ጠይቄአለሁ።