የቪዲዮ ካሴት ወይስ ዲቪዲ፦ በኤችዲ ቴሌቪዥን የትኛው ይሻላል?

የድሮ የሰርግ ቪዲዮ በትልቅ ኤችዲ ስክሪን ላይ ሲደበዝዝ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አይደለም። ስክሪኑ 1920 በ1080 ፒክስል አለው፤ ቀረጻው ግን ያን ያህል ዝርዝር ስለሌለው ቴሌቪዥኑ የጎደለውን በግምት ይሞላል።

ጥራት፦ ቪኤችኤስ ካሴት በአግድም የሚለየው ወደ 240 መስመር ብቻ ነው። ቀለሙ ከዚያም ያነሰ ስለሆነ የሙሽራዋ ቀይ ጥለት ከጠርዙ አልፎ ይፈሳል። የፓል (በአገር ቤት የሚሠራበት የቪዲዮ ሥርዓት) ዲቪዲ 720 በ576 ፒክስል ይይዛል፤ ልዩነቱ ፊት ላይ በደንብ ይታያል። ሆኖም ከካሴት የተገለበጠ ዲቪዲ ከካሴቱ አይበልጥም። ብዙ ሰዓት አንድ ዲስክ ላይ ከታጨቀማ ይብሳል፤ ጭፈራው ላይ ምስሉ ይሰባበራል።

ገመድ፦ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) አብዛኛውን ጊዜ በቢጫው የቪዲዮ ገመድ ይሠራል። ዲቪዲ ማጫወቻ ኤችዲኤምአይ ካለው እሱን ይጠቀሙ፤ በቢጫው ካገናኙት ጥራቱ ይወርዳል።

አደጋ፦ ካሴት ላይ ነጭ ሻጋታ ካዩ ዴክ ውስጥ አይክተቱት፤ ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) ያቆሽሻል፣ ወደ ሌሎች ካሴቶችም ይተላለፋል። ዲቪዲ ሲጫር ይቆማል ወይም ይዘላል።

ለሁለቱም ምስሉን 4 ለ3 (የድሮው ቴሌቪዥን ቅርጽ) ያድርጉት፣ ሻርፕነሱንም (ጠርዝ የሚያጎላውን ማስተካከያ) ይቀንሱ፤ ከፍ ሲል የሚጎላው የምስሉ ጫጫታ (ነጠብጣቡ) ነው።

ዋናው ቅጂ ካሴት ከሆነ ካሴቱን አይጣሉ፤ ወደፊት የተሻለ ቅጂ የሚወጣው ከእሱ ነው። ለዕለት እይታና ለዘመድ ለመላክ ዲቪዲ ይቀላል። አሜሪካ የሚላክ ከሆነ ግን ያስቡበት፦ የአገር ቤት ካሴት ፓል ስለሆነ በአሜሪካ በተለመደው የኤንቲኤስሲ ሥርዓት ዴክ በትክክል አይታይም፤ መልቲ ሲስተም (ሁለቱንም ሥርዓት የሚያጫውት) ዴክ ይፈልጋል።