ደሴ ላይ «ፉል ኤችዲ» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ሞኒተር ልትገዙ ከሆነ፣ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ላፕቶፓችሁ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ (ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት) ጭናችሁ የምትሠሩ፣ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያገለገለ ሞኒተር የምትፈልጉ ሁሉ ግን አንብቡት።

ኮምቦልቻ የሚማር የአክስቴ ልጅ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ «ፉል ኤችዲ»፣ ማለትም 1920 በ1080 ነጥብ ያለው፣ የተባለ ሞኒተር ገዛ። ሞኒተሩ ያለው ቪጂኤ የሚባለው የቆየ የምስል መሰኪያ ብቻ ነው፣ ላፕቶፑ ደግሞ አዲሱ ኤችዲኤምአይ። ስለዚህ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ኮንቨርተርም አብረው ሸጡለት። ሱቁ ውስጥ በራሳቸው ኮምፒውተር አብርተው የፏፏቴና የአበባ ቪዲዮ አሳዩት፤ ደስ ብሎት ከፈለ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ቤቱ ሲሰካው ግን ፊደሉ ሁሉ ወደ ጎን ተለጥጧል። ሬዞሉሽኑ (ምስሉ የሚሠራበት የነጥብ ብዛት፣ ወደ ጎን በወደ ታች) ከ1024 በ768 በላይ አልሄድም አለ።

ሲመልሰው ያገኘው መልስ፦ «አብሽር፣ ሞኒተሩ ምንም አልሆነም። ችግሩ ሊኑክስህ ነው። ላፕቶፑን አምጣውና ዊንዶውስ እንጫንልህ።» ያውም በክፍያ። ውስጡ ያለው የመመረቂያ ሥራው ሊጠፋ እንደሚችል እንኳ አልነገሩትም። እኔን ያንገበገበኝ ከሁሉም በላይ ይሄ ነው።

ሊኑክስ እዚህ ውስጥ ጥፋት የለበትም። ማንኛውም ሞኒተር ሲሰካ ስለ ራሱ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው አጭር መረጃ አለ፤ ኢዲአይዲ ይባላል። የሠራው ፋብሪካ፣ ሞዴሉ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የስክሪኑ ስፋት፣ የሚችለው ሬዞሉሽን ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ርካሽ ኮንቨርተር ይህን መረጃ ብዙ ጊዜ አያሳልፍም። መረጃውን የሚያመላልሱት መስመሮች ያልተዘረጉበት የቪጂኤ ኬብልም አለ። ኡቡንቱ መረጃው ካልደረሰው ስክሪኑን እንዳያበላሽ ዝቅ ያለ ሬዞሉሽን ይመርጣል። 1024 በ768 የሚመጣው ከዚህ ነው። ዊንዶውስ ብትጭኑም መረጃው ያው አይደርሰውም።

ከጎረቤት ደህና ኮንቨርተርና ኬብል ተውሰን ሞከርነው። ፊደሉ ወዲያው ተስተካከለ። ግን የመጣው 1366 በ768 ነው፤ 1920 በ1080 ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። ሞኒተሩን አዙረን ከኋላ ያለውን የሞዴል ቁጥር በስልክ ስንፈልገው ፋብሪካው ራሱ 1366 በ768 ይለዋል። ፊት ለፊት የተለጠፈው «ፉል ኤችዲ» የሚል ስቲከር ሌላ ሰው የለጠፈው ነው። አንድ ዕቃ ላይ ሁለት ጊዜ ተሸወደ ማለት ነው።

እንግዲህ ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ላፕቶፕ ያዙ። በእነሱ ኮምፒውተርና በእነሱ ቪዲዮ አትመኑ፤ ቪዲዮ ጉድለት ይደብቃል። በኤክስኦርግ (Xorg፣ ሊኑክስ ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣበት የቆየው ሥርዓት) ገብታችሁ ሞኒተሩን ሰኩ፤ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ክፈቱና ኤክስራንድአር (xrandr) የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ከሚወጡት ቁጥሮች ጎን ኮከብ ያለበት አሁን የሚሠራበት ነው፤ የመደመር ምልክት ያለበት ሞኒተሩ ራሱ «ለእኔ የሚሻለኝ ይሄ ነው» ያለው ነው። 1920 በ1080 ጎን የመደመር ምልክቱን ካላያችሁ ጠይቁ። ኢዲአይዲ-ዲኮድ (edid-decode) የሚባለውን ፕሮግራም ቀድማችሁ ከጫናችሁ ደግሞ የተሠራበትን ዓመት ታነባላችሁ። «ገና ካርቶኑ የተከፈተ» የተባለ ዕቃ ከተሠራ ስንት ዓመት እንደሆነው ያኔ ይታወቃል።

ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም። ስክሪናቸው 1366 በ768 ሆኖ በኤችዲኤምአይ 1920 በ1080 የሚቀበሉ ሞኒተሮችና ቴሌቪዥኖች አሉ። ምስሉን ጨፍልቀው ነው የሚያሳዩት። እዚህ ላይ የሚረዳን የራሳችን ፊደል ነው። በትንሽ መጠን የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ ክፈቱ። የ«ሌ» ቀለበት ተደፍኖ ጥቁር ነጥብ ከመሰለ፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ተ» እና «ቸ» ካልተለዩላችሁ ያ ስክሪን የተባለውን አይደለም። ሞኒተሩን ቀኑን ሙሉ ለማንበብና ለመጻፍ ለምትፈልጉት ይህ ከየትኛውም ስቲከር ይበልጣል።

ስለ ስፋትም ልብ በሉ። 18.5 ኢንች ያላቸው ብዙዎቹ 1366 በ768 ናቸው። 20 ኢንች አካባቢ ያሉት ብዙ ጊዜ 1600 በ900 ናቸው። ከቢሮ የወጡት አራት ማዕዘን መሰል 19 ኢንቾች ደግሞ 1280 በ1024። ለዋጋቸው መጥፎ ዕቃ አይደሉም፤ በፉል ኤችዲ ዋጋ ሲሸጡ ነው ዘረፋ የሚሆነው። «4ኬ» (3840 በ2160) የሚሏችሁም ካሉ ምስሉን በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ እዩ። አሮጌው ኤችዲኤምአይ 1.4 በ4ኬ በሴኮንድ ከ30 ጊዜ አያልፍም፤ የማውሱ ቀስት ሲጎተት በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ከዩኤስቢ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር ከሆነ ደግሞ በሊኑክስ ሳትሞክሩ በፍጹም አትግዙ። ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) የሚፈልጉ አሉ፣ ጭራሽ የሊኑክስ ድራይቨር የሌላቸውም አሉ።

«በትእዛዝ እናስተካክልልሃለን» የሚል ባለሙያም ይመጣል። አዲስ ሬዞሉሽን በእጅ መጨመር ይቻላል፤ ኮንቨርተሩ መረጃ ሲከለክል እውነትም ይጠቅማል። በዌይላንድ (Wayland፣ ኤክስኦርግን በተካው አዲሱ ሥርዓት) ከገባችሁ ግን ኤክስራንድአር አይጨምርላችሁም፣ በኤክስኦርግም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይረሳዋል። የ1366 ስክሪንን ፉል ኤችዲ የሚያደርግ ትእዛዝ ደግሞ የለም።

ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ «ሞኒተር» ብቻ ሳይሆን የሞዴል ቁጥሩንና «1920 በ1080» የሚለውን አብረው እንዲጽፉ አድርጉ። እውነተኛ ነጋዴ ይህን ሲጠይቁት አይከፋውም፤ ደሴ ላይ ያለ ማቅማማት የሚጽፉ ሱቆች አሉ። አልጽፍም ካለ ውጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘብ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። የአክስቴ ልጅ ደረሰኙን፣ የኋላውን ሞዴል ቁጥርና የስክሪኑን ፎቶ ይዞ ለከተማው ንግድ መምሪያ አመልክቷል። ከዚያው ሱቅ ተመሳሳይ ሞኒተር የገዛችሁ ካላችሁ ቀኑ ሳያልፍባችሁ የኋላውን ጽሑፍ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱና እናንተም አመልክቱ።