የማገጥ ዘር ለግቢ ሣር፦ ገንዘቡን የሚያወጣው የትኛው ከረጢት ነው?

«አይታጨድም፣ ውኃ አይፈልግም፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም።» የክሎቨር፣ ማለትም የማገጥ፣ ዘር የሚሸጥባቸው ከረጢቶች ላይ የሚነበበው ይህን የመሰለ ነገር ነው። ስለ ማዳበሪያው የተባለው ባብዛኛው ልክ ነው። ማጨዱ ግን ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። ውኃውም ቢሆን፣ ዘሩ ሥር እስኪሰድ ድረስ ከሣር ያላነሰ ይጠጣል። ይህ ግምገማ የተጻፈው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ አካባቢ ግቢ ላላቸው ሰዎች ነው። እዚያ በብዛት የሚዘራው ቶል ፌስክዩ የተባለው ሣር ቅዝቃዜ ወዳድ ስለሆነ ጁላይና ኦገስት ላይ ይገረጣል፤ ማገጥ ቀላቅሎ መዝራት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንዝጋ፦ የአገር ቤቱን ማገጥ አምጥቶ መዝራት አይቻልም ወይ? አገር ቤት ደጋው ላይ የሚበቅሉት ማገጦች አብዛኞቹ የአንድ ክረምት ዕፅዋት ናቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ይበቅላሉ፣ አብበው ዘር ጥለው ይደርቃሉ። ለከብት ድንቅ ናቸው፤ ለግቢ ምንጣፍ ግን አይሆኑም። ዘር በሻንጣ ይዞ አሜሪካ መግባትም ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት አይፈቀድም። ለግቢ የሚፈለገው ነጭ አበባ ያለው፣ ከዓመት ዓመት የሚቆየው ዝርያ ነው። ግንዱ መሬት ለመሬት እየተሳበ ከየአንጓው ሥር ይሰድዳል፤ ቁመቱ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው።

መደርደሪያው ላይ ግን «ክሎቨር» የሚል ሁሉ አንድ አይደለም። ደች ኋይት የሚለው ለግቢ የሚሆነው ተራው ነጭ ማገጥ ነው። ላዲኖም በሳይንስ ስሙ ያው ነጭ ማገጥ ነው፤ ነገር ግን ለግጦሽ የተመረጠ ስለሆነ ቅጠሉ ትልቅ፣ ቁመቱም ከ30 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ የሚችል ነው። ለአጋዘን መኖ ተብለው በርካሽ የሚሸጡ ከረጢቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው እሱና ቀዩ ማገጥ ነው፤ ርካሽነታቸው አያታላችሁ። ክሪምሰን የሚባለው ደግሞ አበባው ያምራል፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ማይክሮ ክሎቨር የሚባሉት፣ ለምሳሌ ፒፖሊናና ፒሩዌት፣ ቅጠላቸው ትንሽ እንዲሆን የተመረጡ ነጭ ማገጦች ናቸው። ከሣር ጋር ሲዋሃዱ ለዓይን ይጥማሉ፣ አበባቸውም ያነሰ ነው፤ ዋጋቸው ግን የተራውን ብዙ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ዘር ጥለው ራሳቸውን ሲተኩ ልጆቹ የወላጆቻቸውን ትንሽነት ሁልጊዜ አይወርሱም። የጎረቤት ተራ ማገጥም ገብቶ ይቀላቀላል። ከቤቱ ፊት ለፊት ለምትታይ ትንሽ ቦታ ካልሆነ በቀር ያን ያህል መክፈል አያስፈልግም ባይ ነን።

ከረጢቱን ስትገዙ ፊት ለፊት ያለውን አረንጓዴ ፎቶ ተዉትና ገልብጡት። ከጀርባው ወይም ከሥሩ በሕግ የሚለጠፍ ትንሽ ጽሑፍ አለ፤ የግዢው ፍርድ እዚያ ነው። «ፒዩር ሲድ» የሚለው ከክብደቱ ውስጥ ምን ያህሉ የተባለው ዘር እንደሆነ በመቶኛ ይነግራችኋል። «ጀርሚኔሽን» ቶሎ የሚበቅለው ነው። «ሃርድ ሲድ» ደግሞ ሕይወት ያለው ሆኖ ልጡ ውኃ ስለማያስገባ ወራት ቆይቶ የሚበቅለው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ደምራችሁ ቁጠሩ። «ኮቲንግ» ወይም «ኢነርት» የሚለው ሽፋን ነው፤ ባብዛኛው ኖራ። ብዙ የማገጥ ዘር የሚሸጠው ተሸፍኖ ነው፤ ሽፋኑም የክብደቱን ሲሶ፣ አንዳንዴም ግማሹን ይይዛል።

በቁጥር እንየው። 5 ፓውንድ የተሸፈነ ዘር ገዛችሁ እንበል፤ ፒዩር ሲድ 65 በመቶ፣ ጀርሚኔሽንና ሃርድ ሲድ ተደምሮ 85 በመቶ። 65ን በ85 ስታባዙት 55 በመቶ ግድም ይመጣል፤ ከ5 ፓውንዱ በሕይወት ያለው ዘር 2.75 ፓውንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ያልተሸፈነው 98 እና 90 በመቶ ከሆነ ከዚያው 5 ፓውንድ 4.4 ፓውንድ ታገኛላችሁ። ዋጋ የሚወዳደረው በዚህኛው ቁጥር እንጂ በከረጢቱ ክብደት አይደለም። ሽፋን መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሲሸፈን ለመበተን ይመቻል። የሙከራውንም ቀን እዩ፤ ዓመት ያለፈውን መደርደሪያው ላይ ተዉት።

ሽፋኑ ውስጥ ሌላም ነገር ይኖራል፦ ሪዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ። ማገጥ ናይትሮጅን ከአየር የሚያገኘው በዚህ ባክቴሪያ በኩል ነው። ከረጢቱ «ኢኖኩሌትድ» (ባክቴሪያው የተጨመረበት) ካላለ ለነጭና ለቀይ ማገጥ የሚሆነውን ለይታችሁ በዱቄት መልክ ግዙ፤ የአኩሪ አተሩ አይሠራም። ሕያው ነገር ስለሆነ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ከዋለ ይሞታል። መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ከተዘራ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ አንዷን ቡቃያ ከነአፈሯ በማንኪያ አንሷት፣ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ሥሯን እጠቡ። ሥሩ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍር ስትከፍሉት ውስጡ ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራ ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ፣ ቅጠሉም ቢጫ ካደረገ፣ ባክቴሪያው አልያዘም። ግቢው ውስጥ ከድሮ ጀምሮ ማገጥ ካለ ግን ባክቴሪያው አፈሩ ውስጥ ስለሚኖር ብዙ አትጨነቁ።

አዘራሩ። ወቅቱ ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ፣ አለዚያም ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው። ከዚያ የዘገየ ቡቃያ ሥሩ ሳይጠልቅ ውርጭ ይደርስበትና አፈሩ ሲነፋና ሲረግብ ተነቅሎ ይወጣል። የአፈር ምርመራ አስቀድሙ፤ ፒኤች (የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7 ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከዚያ ካነሰ በውጤቱ ላይ በተጻፈው መጠን ኖራ ጨምሩ። በነበረው ሣር ላይ ከሆነ የምትዘሩት፣ ሣሩን 5 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ እጨዱ፣ እጭዱን ሰብስቡ፣ አፈሩ እስኪታይ ድረስ በሬክ ቧጥጡት። ይህችን ደረጃ መዝለል ዘሩን ለወፍ መስጠት ነው።

መጠኑ ለ1 ሺህ ስኩዌር ፊት ከ2 እስከ 4 አውንስ ያልተሸፈነ ዘር ነው፤ ማገጥ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው እስከ 8 አውንስ ይሂድ። የተሸፈነ ከሆነ በግማሽ ጨምሩበት። አንድ ፓውንድ ውስጥ ከ7 መቶ ሺህ በላይ ፍሬ ስላለ 2 አውንስ እንኳ በእያንዳንዱ ስኩዌር ፊት ከ80 በላይ ፍሬ ያሳርፋል። በእጅ ሲበተን አንድ ቦታ እንዳይከመር ከአንድ ጋሎን ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉት፤ ግማሹን በርዝመት፣ ግማሹን በወርድ በትኑ። አትቅበሩት። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ከገባ ጉልበቱ አያወጣውም። በእግር ወይም በሮለር ጠቅጠቅ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል አፈሩ እንዳይደርቅ በቀን ሁለቴ በስሱ አጠጡ፤ ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል።

ሲበቅል የመጀመሪያዋ እውነተኛ ቅጠል ባለሦስት አይደለችም። አንዲት ክብ ቅጠል ብቻ ናት፤ ሦስትዮሹ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ አረም መስሎት ይነቅላል።

ማገጥ ከሞተ ወይም ጨርሶ ካልበቀለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፀረ አረም ነው። ሰፊ ቅጠል ላይ የሚሠሩት 2፣4-ዲና ዳይካምባ፣ እንዲሁም «ዊድ ኤንድ ፊድ» ተብለው ከማዳበሪያ ጋር የሚሸጡት፣ ማገጥን ከአረም አይለዩም። ማገጥ ራሱ አረም መባል የጀመረው 2፣4-ዲ በ1940ዎቹ ገበያ ላይ ከወጣ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ለግቢ ሣር በሚሸጥ ቅይጥ ዘር ውስጥ ሆን ተብሎ ይገባ ነበር። በጸደይ (ስፕሪንግ) የሚነሰነሰው፣ ክራብግራስ የተባለው አረም መከላከያም ዘሩ እንዳይበቅል ያደርጋል፤ መለያው ላይ የተጻፈውን የመቆያ ጊዜ ሳትጨርሱ አትዝሩ። ግቢውን በኮንትራት የሚያጭድላችሁ ድርጅት ካለ «ምንም እንዳትረጩ» ብላችሁ በጽሑፍ ስጡት።

ቀጥሎ ናይትሮጅን ነው። ሣሩን የሚያጎለምስ ማዳበሪያ ማገጡን በጥላ ያፍነዋል፤ ከተዘራ ወዲያ ናይትሮጅን አቁሙ። ጥንቸልና አጋዘን ቡቃያውን ይወዱታል፤ መጀመሪያ ላይ በመረብ ካልተከለለ በላያችሁ ላይ ይግጡታል። በቀን 4 ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ቦታ ላይ ይሳሳል። ሰርዶ ካለባችሁ ደግሞ ማገጥ ያሸንፍልኛል አትበሉ፤ ሰርዶን ማን አሸንፎት ያውቃል!

ማገጥ ብቻውን መዝራትን አንመክርም። በብርዱ ወራት ቅጠሉ ይረግፋል፣ አፈሩ ይራቆታል፣ ተዳፋት ከሆነ ዝናብ ይጠርገዋል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ይላጣል፣ እርጥብ ሲሆንም ያዳልጣል። ከፌስክዩ ጋር ሲደባለቅ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ማጨጃውን ከ7 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቀምጡት። አበባው ንብ ይጠራል፤ የንብ መነደፍ የሚያሰጋው ልጅ ባዶ እግሩን የሚሮጥበት ግቢ ከሆነ ባበበ ቁጥር ማጨድ ግድ ነው፤ እሱ የማይቻል ከሆነ ዘሩን አትግዙ።

የሰፈር ማኅበር፣ ማለትም ኤች ኦ ኤ፣ ያለባችሁ ሜሪላንዶች፦ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የግዛቱ ሕግ ውኃ የሚቆጥብና ለነፍሳት የሚመች ግቢን ማኅበሩ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክል ያግዳል፤ ግቢው በደንብ እስከተያዘ ድረስ። ቢሆንም ከመዝራታችሁ በፊት በኢሜይል አሳውቋቸው፤ መልሱንም አስቀምጡት።

የእኛ ምርጫ ያልተሸፈነ ደች ኋይትና የራሱ ባክቴሪያ ዱቄት ነው። አንድ ፓውንድ ለብዙ ግቢ ተርፎ ይቀራል። አንዷ የማገጥ ሥር የምትቆየው ሁለት ሦስት ዓመት ስለሆነ በየሦስተኛው ዓመት ለ1 ሺህ ስኩዌር ፊት በ2 አውንስ ማደስ ያስፈልጋል። የተረፈውን ዘር በጠርሙስ ከድናችሁ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት፤ ዱቄቱ ግን ቀኑ ካለፈ አይሠራምና ለያንዳንዱ ዙር አዲስ ግዙ።