ዲኦ ወይስ ኤምዲ? ውስጡ ሆኜ ሳየው

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም የሚያደርጉ ሁለት ዲግሪዎች አሉ፣ የተለመደው ኤምዲ እና የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ዲግሪ የሆነው ዲኦ። እናቴ ዲኦ ልገባ ነው ስላት "ምንድነው ደሞ እሱ፣ ወጌሻ ልትሆን ነው እንዴ?" አለችኝ፣ እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉም አልተሳሳተችም ሃሃ። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም 4 ዓመት ነው፣ ሁለቱም በ50ውም ስቴት ሙሉ ላይሰንስ ያሰጣል፣ መድኃኒት ማዘዙም ሰርጀሪውም ያው ነው። እኛ ዲኦዎቹ ጋ ግን ወደ 200 ሰዓት የሚጠጋ የእጅ ህክምና ይጨመራል፣ ኦኤምኤም ይሉታል። ላብ ውስጥ ተራ በተራ ጠረጴዛ ላይ እየተኛን የክላስሜትህ አንገት ስር ጣትህን አስገብተህ የትኛው አጥንት እንደዞረ ትፈልጋለህ፣ እኔ የመጀመሪያውን ወር ምንም ሳይሰማኝ ዝም ብዬ "አዎ፣ ወደ ቀኝ" እያልኩ ነው ያለፍኩት።

የሚያናድደው ፈተናው ነው። ለላይሰንስ ኤምዲዎቹ ዩኤስኤምኤልኢ የሚባለውን ፈተና ብቻ ይወስዳሉ፣ እኛ ኮምሌክስ የሚባለው የዲኦ ፈተና ግዴታችን ሆኖ ብዙዎቻችን ዩኤስኤምኤልኢንም እንደርባለን፣ ሁለት ክፍያ ሁለት ጭንቀት። ሬዚደንሲው፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ያለው የስፔሻሊቲ ስልጠና፣ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሁለቱም አንድ ላይ ሆኗል፣ ፋሚሊ ሜዲሲን ለሚፈልግ ዲኦ ምንም አይጎድለውም፣ ኒውሮሰርጀሪ (የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ህክምና) ወይ ደርማቶሎጂ (የቆዳ ህክምና) ካማረህ ግን ኤምዲ ከተቀበለህ አታመንታ ባይ ነኝ። ከአሜሪካ ውጪ መስራት ለሚያስብም እንደዛው፣ አውሮፓ ኦስቲዮፓት ስትል እንደ ሐኪም አያዩህም።

እናቴ አሁን ወገቧን ባመማት ቁጥር "ና እስቲ ያንን ነገር አድርግልኝ" ትለኛለች፣ ወጌሻ የሚለውን ግን አልተወችም።