የጨረር ማሞቂያ በጋራዥ ውስጥ፦ ከአምስት ወር በኋላ

እንጨት የምሠራው ከቤቱ ተነጥሎ በቆመ ጋራዥ ውስጥ ነው። ግድግዳው ስስ፣ ወለሉ ሊሾ፣ በሩ ደግሞ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ብርዱ ሲጠና እጄ ደንዝዞ መሮ መያዝ ያቅተኝ ነበር። 1500 ዋት የኤሌክትሪክ ጨረር ማሞቂያ ገዝቼ ከሰቀልኩ አሁን አምስት ወር ሆነኝ።

ክፍሉን አያሞቅም። ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ሳምንት ተናድጄ ነበር። ፊቱ ሲቆሙ ደረትና እጅ ወዲያው ይሞቃል፣ ሁለት እርምጃ ዘወር ሲሉ ግን ብርዱ እዚያው ይጠብቃል። ጨረር የሚያሞቀው ያረፈበትን ነገር እንጂ አየሩን አይደለም። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ከፍ አድርጌ ወደምቆምበት አዘንብዬ ስሰቅለው ነው የተስማማኝ።

ከዚያ በፊት አየር የሚነፋውን ዓይነት ነበር የምጠቀመው። እሱም 1500 ዋት ነበር፤ ቆጣሪው ላይ ልዩነት የላቸውም፣ ሁለቱም በሰዓት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። የሚነፋው ግን ሙቀቱን ወደ ጣሪያ ይሰደዋል፣ በየቀዳዳው ይወጣል፣ ሰጋቱራውንም ያቦነዋል።

እውነቱን ለመናገር ከማሞቂያው በላይ የጠቀመኝ ርካሹ ሥራ ነው። የበሩን ሥር በጎማ ዘጋሁ፣ ጣሪያውን ፎም አለበስኩት፣ የምቆምበት ላይ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ጣልኩ። ጨረሩ ጠረጴዛው ሥር ስለማይደርስ እግሬን ያዳነው ምንጣፉ ነው። ድሮ ከጠዋት እስከ ማታ ይበራ የነበረው ማሞቂያ አሁን ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ስሠራ ብቻ ይበራል።

መጥፎ ጎኑስ? መጀመሪያ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሰካሁት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ገመዱን ስነካው ትኩስ ነበር። በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ስለሚስብ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ እኔ በኋላ ለብቻው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ሶኬት አስዘረጋሁለት። ሰጋቱራም ይሰበስባል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ሲቀዘቅዝ እጠርገዋለሁ። ቫርኒሽ ስቀባ ደግሞ ጨርሶ አላበራውም፣ ትነቱ እሳት ይይዛል።

ጋዝ ይረክሳል ብላችሁ ለምታስቡ፦ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ 1 ኪሎ ጋዝ ሲያቃጥል ከ1.5 ኪሎ ያላነሰ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። ያ እንፋሎት ቀዝቃዛው መጋዝና መላጊያ ላይ ያርፍና ያዝጋቸዋል። በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰል በዝግ ክፍል ውስጥማ በፍጹም።

አንድ ያልፈታልኝ ነገር ኮላ ነው። እኔ የምጠቀምበት ነጭ የእንጨት ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይዝም፣ ማሞቂያው ሲጠፋ ደግሞ ጋራዡ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የተጣበቀውን እንጨት ከነማሰሪያው አንስቼ ቤት ውስጥ አሳድረዋለሁ።