የቧንቧችንን ጩኸት ከሥሩ ላጠፉልን ባለሙያ

የመታጠቢያ ቤታችንን ቧንቧ የሠሩልንን ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። እግረ መንገዴንም ተመሳሳይ ችግር ላለበት ሰው ልጠቁም።

ቧንቧው ሲከፈት ያፏጫል። ትንሽ ከፍ ሲደረግ ይንቀጠቀጣል። ሲዘጋ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ድው የሚል ድምፅ ይሰማል። ሌሊት አንድ ሰው እጁን ከታጠበ ቤተሰቡ በሙሉ ይነቃል። ከዚህ በፊት የመጣ ሌላ ሠራተኛ ቧንቧውን በአዲስ ቀይሮልን ነበር። ትንሽ ጊዜ ዝም አለና ጩኸቱ ተመለሰ።

እኚህ ሰው ግን መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት መጠየቅ ጀመሩ። የሚጮኸው ሲከፈት ነው ሲዘጋ? ሙቁም ቀዝቃዛውም ነው? የኩሽናውስ? ሌሊት ይብሳል? አዎ፣ ሌሊት ይብሳል ስንላቸው፣ «እንግዲያው ግፊቱን ሳንለካ ምንም አንነካም» አሉ። ሰው ሲተኛ ውሃ የሚቀዳው ስለሚቀንስ በመስመሩ ላይ ያለው ግፊት ከፍ ይላል።

ውጭ ባለው ቧንቧ ላይ ክብ የግፊት መለኪያ አሰሩ። የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ አስዘጉን። መርፌው 7 ባርን (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) አልፎ ቆመ። ለመኖሪያ ቤት ከ3 እስከ 4 ባር ይበቃል። ከ5 ባር በላይ ሲሆን ጩኸቱ ብቻ ሳይሆን የቦይለሩም፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም ዕድሜ ያጥራል።

ከዚያ በኋላ ነው ቧንቧውን የፈቱት። ውስጡ ያለችውን ትንሿን ጎሚኒ፣ ማለትም ውሃውን የምትዘጋውን ጎማ፣ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጠርዟ ተበልቷል፣ መሃሏ ላይ ያለው ብሎንም ላልቷል። ውሃው በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲያልፍ የላላችውን ጎሚኒ ያርገበግባታል፤ ፉጨቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። አዲስ የተገጠመው ቧንቧ ቶሎ የተበላሸውም በግፊቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ መልሳቸው ለሁላችሁም የሚጠቅም ይመስለኛል። «ዋናውን መዝጊያ ትንሽ ጠበብ ብናደርገው አይበቃም?» አልኩ። አይበቃም። መዝጊያውን ማጥበብ የሚቀንሰው የሚፈሰውን ውሃ መጠን ነው። ቧንቧዎቹ ሁሉ ሲዘጉ ግፊቱ ተመልሶ ወደነበረበት ይወጣል። በዚያ ላይ በግማሽ የተዘጋ መዝጊያ ራሱ ይጮኻል።

ስለዚህ ከዋናው መዝጊያ ቀጥሎ የግፊት መቀነሻ ቫልቭ ገጠሙ። ውስጡ ስፕሪንግ አለው፤ ብሎኑ ሲላላ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሲጠብቅ ይጨምራል። መለኪያውን እያዩ በዝግታ 3.5 ባር ላይ አቆሙት። ጎሚኒውን በአዲስ ተኩ። የቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ወንፊትም ፈትተው አሸዋውን አጠቡት። ድው የሚለው ድምፅ የሚመጣው ደግሞ ውሃው ድንገት ሲታገድ በደንብ ያልታሰረውን መስመር ስለሚያናውጠው ነው። እሱንም በማሰሪያ አጠበቁት።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ግን እኛ ያላሰብነውን ነገር ማሰባቸው ነው። እንዲህ ያለ ቫልቭ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ሊያግድ ይችላል። ያኔ ቦይለሩ ሲሞቅ የሚሰፋው ውሃ መሄጃ ያጣል። የቦይለሩን የደህንነት ቫልቭ ፈተሹና፣ የሚሰፋውን ውሃ የምትቀበል ትንሽ ጋን መስመሩ ላይ ገጠሙ። ይህን ባያደርጉ ማናችንም አናውቅም ነበር። እሳቸው ግን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም አላለፉትም። እጃቸው ይባረክ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ቀጠሮ ቶሎ ላይገኝ ይችላል። ሲሠሩም አይቸኩሉም። ዛሬውኑ ጨርሶ የሚሄድ ሰው ለሚፈልግ ላይመቹ ይችላሉ። እኔ ግን እጠብቃቸዋለሁ።

ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እልካለሁ። ስትደውሉላቸው ጩኸቱ መቼ እንደሚብስ፣ የትኛው ቧንቧ ላይ እንደሚሰማ፣ ቤታችሁ የግፊት መቀነሻ እንዳለውና እንደሌለው አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚይዙትን ዕቃ የሚመርጡት ያንን ሰምተው ነው።