ማደሪያ መኪናን ከአይጥና ከቢምቢ ለመጠበቅ የትኛውን እንግዛ?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን በማለፍ ሸዋ ሮቢት የሚያድር መኪና፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ሁለት የተለያዩ ጠላቶች ይገጥሙታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ወባ አያሰጋም፤ ብርዱ ግን አይጥን ሞቅ ወዳለው የመኪና ሆድ ይነዳዋል። ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ እዚያ የሚፈራው የወባ ትንኝ ነው። አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት መኪና ያለው ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የት እንደሚያድር ይወስን።

የመስኮት ወንፊት የፋይበርም የብረትም አለ። ፋይበሩ ርካሽ ነው፤ በመቀስ ይቆረጣል፤ አይዝግም። ይሁን እንጂ አይጥ ይበሳዋል፤ የግራር እሾህም ይቀደዋል። ለላይኛው መስኮት ፋይበር ይበቃል፤ ለወለል ለሚቀርብ የአየር ማስገቢያ ግን የብረቱን ይግዙ። ቀዳዳው ከ1.2 ሚሊ ሜትር እጅግ የሰፋ ወንፊት ዝንብን እንጂ ቢምቢን አያግድም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ወለሉን ነው። ትንሽ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ክፍተት፣ ማለትም እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ይሾልካል። ሲመሽ ውስጡን መብራት አብርተው ከመኪናው ሥር ተንጋልለው ይመልከቱ። የውኃ ቱቦው፣ የጋዝ ጎማውና የኤሌክትሪክ ሽቦው ወለሉን በሚያልፉበት ቦታ ብርሃን ሾልኮ ይታያል፤ የአይጥ በር ማለት ያ ነው። ለመድፈኛ ፎም የሚነፋው ሰው ብዙ ነው፤ ቀላልና ፈጣን ስለሆነ። አይጥ ግን ፎምን እንደ ልቡ ይቦረቡራል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ አጥብቆ ጠቅጥቆ በላዩ ሲሊኮን መቀባት ይሻላል፤ ሽቦው ጥርስን ይከላከላል፣ ሲሊኮኑ ደግሞ ሽቦውን ከዝገት።

ከገቡት አይጦች ጋር በተያያዘ መርዝና ወጥመድ ይነጻጸራሉ። እኔ መርዝን በመኪና ውስጥ አጥብቄ እቃወማለሁ። የበላው አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ ከቀናት በኋላ ከግድግዳው ልባስ ጀርባ ገብቶ ይሞታል፤ ሽታውን ለማስወገድ ልባሱን ማፍረስ ያስፈልጋል። መንዝ ጓሳ ለሚያድር ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር አለ፦ ቀይ ቀበሮ የሚኖረው አይጥ እየበላ ነው፤ የተመረዘ አይጥ የበላም አብሮ ሊመረዝ ይችላል። በዓለም ላይ በጥቂቱ የቀረ እንስሳ በእኛ መርዝ መሞት የለበትም። ባለ ስፕሪንጉ የአይጥ ወጥመድ ርካሽ ነው፤ ደጋግሞ ይሠራል፤ ሬሳውም የት እንዳለ ይታወቃል። ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ አይጥ መሐል ወለል ማቋረጥ አይወድም። በድምፅ አይጥ ያባርራል የሚባለውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ አልመክርም። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ከ60 በላይ አምራቾችና ሻጮች ስለሚናገሩለት ውጤት ማስረጃ እንዲኖራቸው አስጠንቅቋል።

ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው አጎበር ነው። ባለ አንድ ማንጠልጠያው ክብ አጎበር ለቤት ጥሩ ነው፤ ዝቅ ባለ የመኪና ጣሪያ ሥር ግን ገላ ላይ ይተኛል፣ ትንኟም በጨርቁ ላይ ሆና ትነድፋለች። ባለ አራት ማዕዘኑን በአራት ማንጠልጠያ ወጥረው፣ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ያስገቡ። ፀረ ትንኝ ኬሚካል የተነከረው ካልተነከረው ይበልጣል። የሚቀባው መድኃኒት ከመኪና ውጭ እራት ሲበላ ይጠቅማል፤ ሌሊቱን በሙሉ ግን አይዘልቅም። ፍሊት ከመተኛት ቀደም ብሎ ተነፍቶ፣ መኪናው በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ይገባል። ትንኝ ለማባረር እየተቃጠለ የሚጨሰውን ጥቅልል በተዘጋ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ጭሱ ሳንባን ይጎዳል፣ እሳቱም ከፍራሽ አጠገብ ነው።

ቁንጫና ትኋን በመስኮት ሳይሆን ከዕቃ ጋር ተጭነው ይገባሉ። ያገለገለ ፍራሽ ሲገዙ ስፌቱን በጣትዎ ገልጠው ጥቁር ነጠብጣብ ይፈልጉ፤ ካገኙ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀነስ አይውሰዱት።